የተቀበረ የነዳጅ ቧንቧ መቼ ይበሳል? ዝገትን ለክቶ የመተንበይ አሠራር

ድሬዳዋ ውስጥ በነዳጅ ዴፖ፣ በፋብሪካና በማደያ ጥገና ላይ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷት ጥያቄ አንዲት ናት፤ «ይሄ መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ ስንት ዓመት ይቀረዋል?» ቀኑን ቆርጦ የሚነግርዎት መሣሪያ የለም። የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚበላ፣ በዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሚሄድና ቀጣዩ ልኬት መቼ መሆን እንዳለበት ግን ለክተው ማወቅ ይችላሉ። አሠራሩ ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይም ኬሮሲን ለሚያስተላልፍ ተራ የካርቦን ብረት ቧንቧ ነው። ሐረር ላይም ያው ነው፤ የሚለየው አፈሩና ዝናቡ እንጂ ስሌቱ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባለ 4 ተርሚናል ኧርዝ ቴስተር (የመሬት ሬዚስታንስ መለኪያ)። ተራ ቴስተር እዚህ ላይ አይሠራም፤ የካስማውንና የአፈሩን ንክኪ አብሮ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።
- 40 ሴንቲሜትር የሆኑ 4 የፌሮ ካስማዎች፣ ሜትር፣ መዶሻ፣ ሽቦ ከነመቆንጠጫው
- የመዳብና ኮፐር ሰልፌት ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ፣ ከሰማያዊው የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ጋር
- የውስጥ ሬዚስታንሱ ቢያንስ 10 ሜጋኦም የሆነ ዲጂታል ቮልቲሜትር
- የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ፣ ጄልና ደረጃ ደረጃ ያለው የመመዘኛ ብረት
- የስርጉድ (ዝገት ብረቱ ላይ የቆፈረው ትንሽ ጉድብ) ጥልቀት መለኪያ፣ ባለ መርፌ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት
- የፒኤች ወረቀት፣ የተጣራ ውኃ፣ የጋዝ መለኪያ፣ ሬንጅ ወይም የቧንቧ መጠቅለያ ቴፕ
- ካልኩሌተር፣ ደብተር፣ የማይለቅ ቀለም

የተጣራ ውኃ ከመለዋወጫ ሱቅ ሲገዙ ጠርሙሱን አንብቡ ብሎ መምከር ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን «የባትሪ ውኃ» ብለው ጠይቀው የባትሪ አሲድ ይዘው የሚመለሱ አሉ።

ከመቆፈርዎ በፊት

የጋዝ መለኪያው ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ መጠን 10 በመቶ ካሳየ ሥራውን ያቁሙ። በዚያ አካባቢ ግራይንደር፣ ብየዳ፣ ስልክም አይገባም። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ ከላይ ሳይሆን ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይለኩ፣ ሰው ከመውረዱ በፊትም በየግማሽ ሰዓቱም ይድገሙት።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው አሸዋማ መሬት ግድግዳው አይቆምም። ከ1.2 ሜትር በላይ ከቆፈሩ ጎኑን በእንጨት ይደግፉ ወይም አፉን አስፍተው ይቁረጡት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደግሞ ወንዝ አጠገብ የተከፈተ ጉድጓድ አያሳድሩ፤ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ከላይ ከተራራው የዘነበው ሊደርስብዎት ይችላል።

ማደያ ውስጥ ያለውን የኧርዝ ሽቦ ለመለካት ሲሉ በራስዎ አይፍቱ። ቦቴ እየገለበጠ ባለበት ሰዓት ከፈቱት የስታቲክ ብልጭታ መውጫ ያጣል።

1. መስመሩን ይከፋፍሉ

400 ሜትር ቧንቧ አንድ ቧንቧ አይደለም። የቧንቧውን አቅጣጫ በወረቀት ላይ ይሳሉና አፈሩ በተለወጠበት፣ መንገድ በሚያቋርጥበት፣ ከኮንክሪት በሚወጣበት፣ ፍሳሽ በሚደርስበትና ከመሬት ወደ አየር በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ይቁረጡት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁጥር ይሰጠው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? አየር በደንብ የሚገባው አሸዋ ውስጥ ያለው ብረትና አየር የማይገባው እርጥብ ሸክላ ውስጥ ያለው ብረት በአንድ ቧንቧ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው ሸክላው ውስጥ ያለው ነው። ኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረትም እንዲሁ ደጅ ያለውን ያስበላል። ለዚህ ነው ቧንቧ ከግንቡ በወጣ በመጀመሪያው ግማሽ ሜትር ላይ ብዙ ጊዜ የሚበሳው። ከመሬት ወደ አየር የሚወጣበትን ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ወደ ታች ቆፍረው ይዩ፤ ከላይ ያለው ቀለም ደህና ስለሆነ ብቻ አይለፉት።

2. የአፈሩን ሬዚስቲቪቲ ይለኩ

አፈሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚከለክል የሚናገረው ቁጥር ይህ ነው። ዝቅ ባለ ቁጥር ዝገቱ ይፈጥናል።

4ቱን ካስማዎች በቀጥታ መስመር፣ በእኩል ርቀት ይትከሉ። ቧንቧው 1.5 ሜትር ጥልቀት ላይ ካለ ርቀቱም 1.5 ሜትር ይሁን፤ መሣሪያው በግምት እስከዚያ ጥልቀት ያለውን አፈር ነው የሚያየው። ካስማው መሬት ውስጥ የሚገባው ከርቀቱ 5 በመቶ አይብለጥ፤ ለ1.5 ሜትር 7.5 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የካስማዎቹን መስመር ቧንቧውን በ90 ዲግሪ እንዲያቋርጥ አድርገው ይዘርጉት። ጎን ለጎን ከዘረጉት ፍሰቱ በአፈሩ ፈንታ በብረቱ ይሄድና አፈሩን ካለበት የባሰ ያስመስለዋል።

ስሌቱ፦ ሬዚስቲቪቲ = 6.28 × የካስማዎቹ ርቀት በሜትር × የተነበበው ኦም

ለምሳሌ 1.5 ሜትር ላይ 2.1 ኦም ካነበቡ 6.28 × 1.5 × 2.1 = ወደ 20 ኦም-ሜትር ይሆናል። ትርጉሙ ይህ ነው፦

- ከ200 በላይ፦ አፈሩ አያዝግም ማለት ይቻላል
- 100–200፦ በትንሹ
- 50–100፦ መካከለኛ
- 30–50፦ ያዝጋል
- 10–30፦ በጣም ያዝጋል
- ከ10 በታች፦ እጅግ አደገኛ

ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በደረቁ ወራት ከለኩ መሬቱ ክው ብሎ ስለሚደርቅ ቁጥሩ ያማልላል። ዝገት ግን የሚሠራው አፈሩ ሲረጥብ ነው። ከቻሉ ነሐሴ ውስጥ ዝናብ ከጣለ ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ይለኩ፤ ካልቻሉ ከቧንቧው ጥልቀት አፈር አውጥተው፣ በተጣራ ውኃ እስኪጠግብ አርሰው፣ በአፈር ሣጥን (ከቴስተሩ ጋር በሚገናኝ ትንሽ የናሙና መለኪያ ሣጥን) ይለኩትና የባሰውን ቁጥር ይያዙ።

3. የቧንቧውንና የአፈሩን ቮልቴጅ ይለኩ

ኤሌክትሮዱን በተጣራ ውኃና በኮፐር ሰልፌት ይሙሉት፤ ክሪስታሉ ሳይሟሟ ከታች መታየት አለበት። የቮልቲሜትሩን ቀይ ሽቦ ተፍቆ በጠራ የቧንቧ ብረት ላይ፣ ጥቁሩን ኤሌክትሮዱ ላይ ያድርጉ። ኤሌክትሮዱን ከቧንቧው በላይ አፈሩን ገላልጠው፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍስሰው ያቁሙትና በየ5 ሜትሩ ያንብቡ። ንባቡ አሉታዊ ነው።

ጥበቃ የሌለው አሮጌ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ከ-500 እስከ -700 ሚሊቮልት ያነባል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ልዩነቱ ነው፤ ከግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ ይልቅ ይበልጥ አሉታዊ የሆነው ነጥብ ብረቱ እየለቀቀ ያለበት ነው። ምልክት ያድርጉበት።

ካቶዲክ ጥበቃ (ብረቱ እንዳይዝግ በኤሌክትሪክ ፍሰት የሚደረግ ጥበቃ) ካለው መለኪያው -850 ሚሊቮልት ነው፤ ያውም የጥበቃውን ፍሰት ካጠፉ በኋላ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የተነበበው። ሳያጠፉ ያነበቡት -1000 ቢሆንም አያስተማምንም፤ ከውስጡ ከፊሉ በአፈሩ ውስጥ የባከነ ቮልቴጅ ነው። ሲጠፋም ከ-1200 ካለፈ ደግሞ ጥበቃው በዝቷል፤ ሽፋኑን ከብረቱ ሊያላቅቀው ይችላል።

ንባቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ለምሳሌ -350 ከሆነ፣ መጀመሪያ የመዳብ ኧርዝን ይጠርጥሩ። ቧንቧው በፓምፑ በኩል ከመዳብ ዘንግ ጋር ከተያያዘ መዳቡ ብረቱን ያስበላዋል። መፍትሔው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ጋር የሚመከርበት እንጂ ሽቦ መቁረጥ አይደለም።

ሁለት ነገር ስለ ፀሐይ። ኤሌክትሮዱ በየ1 ዲግሪ ሙቀት 0.9 ሚሊቮልት ገደማ ይለወጣል፤ ከ25 ወደ 40 ዲግሪ ሲሄድ 13 ሚሊቮልት ማለት ነው። ብርሃን የሚያስገባው ግልጥ ጎኑ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበትም ንባቡ ይዋልላል። ጎኑን በጥቁር ቴፕ ይሸፍኑት፣ መኪና ውስጥ አይተዉት፣ ልኬቱን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይጨርሱ።

ቧንቧው ከአዲሱ የባቡር ሐዲድ ወይም ከከፍተኛ ኃይል መስመር ጎን ለጎን ረጅም ርቀት የሚሄድ ከሆነ የኤሲ ቮልቴጅም ይለኩ። ባቡሩ የሚሠራው በ25 ኪሎቮልት ኤሲ ነው፤ አጠገቡ ባለ ደህና ሽፋን ያለው ቧንቧ ላይ ቮልቴጅ ሊያሳድር ይችላል። ከ15 ቮልት በላይ ካገኙ ቧንቧውን በባዶ እጅ መንካት ያቁሙ።

4. የት እንደሚቆፍሩ ይምረጡ

ሁለት ዓይነት ጉድጓድ ያስፈልግዎታል፤ አይቀላቅሏቸው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ያለበት ነው፦ ዝቅተኛ ሬዚስቲቪቲ፣ ይበልጥ አሉታዊ ንባብ፣ የኮንክሪት መውጫ። ሁለተኛው በዕጣ የተመረጠ ነው፤ በአንድ ዓይነት አፈር ክፍል ውስጥ 10 ቦታ፣ እያንዳንዱ ልክ 1 ሜትር ቧንቧ የሚያሳይ። ዕጣው በ7ኛው ደረጃ ላለው ስሌት ነው። መጥፎ መጥፎውን ብቻ መርጠው ካስገቡ ስሌቱ ያስፈራራዎታል፤ ለመቆፈር ቀላል የሆነውን ብቻ ካስገቡ ያስተኛዎታል።

5. ቧንቧውን ያንብቡ

አፈሩ ሲነሳ ወዲያው አይጥረጉት። ከሽፋኑ ሥር ውኃ ካለ በፒኤች ወረቀት ይንኩት፤ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የካቶዲክ ጥበቃው እዚያ እየደረሰ ነው። ጥቁር ለስላሳ ዝቃጭ ካገኙ ጥቂት በብርጭቆ ሳህን ላይ ወስደው አንድ ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያድርጉበት፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ባክቴሪያ እየሠራ ነው፤ እዚያ አካባቢ ዝገቱ አንድ ቦታ ላይ አተኩሮ ይቆፍራል።

ከዚያ እስኪያበራ ያጽዱት። ቧንቧውን እንደ ሰዓት ፊት ያስቡት፤ 12 ከላይ፣ 6 ከታች ነው። በ12፣ 3፣ 6 እና 9 ላይ ውፍረቱን ይለኩ፤ ከታች ቀጭን ካነበቡ ከ5 እስከ 7 ያለውን በየሴንቲሜትሩ ይፈትሹ። ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ጊዜ ያንብቡና ዝቅተኛውን ይጻፉ።

መለኪያውን በየ1 ሰዓቱ በመመዘኛው ብረት ላይ ይሞክሩት፤ በብረት ውስጥ የድምፅ ፍጥነት 5,920 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ቀለም ላይ አይለኩ። ድምፅ በቀለም ውስጥ ስለሚዘገይ መሣሪያው የቀለሙን ውፍረት ወደ 2.5 እጥፍ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ 0.3 ሚሊሜትር ቀለም የሌለ 0.75 ሚሊሜትር ብረት ይጨምርልዎታል።

ከውጭ በኩል ያለውን ስርጉድ፣ ፒቲንግ የሚሉትን፣ በመርፌው ይለኩ። ከያንዳንዱ ጉድጓድ የጠለቀውን አንዱን ብቻ ለብቻው ይመዝግቡ። ሲጨርሱ ሽፋኑን ይመልሱ፤ ፈትሸውት ራቁቱን የተቀበረ ቦታ ቀጣዩ መብሻ እሱ ነው።

6. የዝገት ፍጥነቱንና የቀረውን ዕድሜ ያስሉ

ባለ 6 ኢንች፣ ስኬጁል 40 (የግድግዳ ውፍረት ደረጃ ነው) ቧንቧ እንውሰድ፤ የውጭ ዲያሜትሩ 168.3 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ በወረቀት 7.11 ነው። አንድ ነጥብ ላይ የተገኘው ይህ ይሁን፦ በ2009 ዓ.ም. 6.8፣ በ2014 6.2፣ በ2017 5.6 ሚሊሜትር።

የረጅም ጊዜ፦ (6.8 − 5.6) ÷ 8 = በዓመት 0.15
የቅርብ ጊዜ፦ (6.2 − 5.6) ÷ 3 = በዓመት 0.20

ትልቁን ይያዙ። የቅርቡ ከረጅሙ መብለጡ አንድ ነገር እንደተለወጠ ይነግርዎታል፤ ሽፋኑ ተላቋል፣ ወይም በአጠገቡ አዲስ ፍሳሽ መጥቷል።

ዝቅተኛው የሚፈቀደው ውፍረት ስንት ነው? በግፊቱ ብቻ ካሰሉት (ግፊት × የውጭ ዲያሜትር) ÷ (2 × የሚፈቀድ ጫና) ነው። ለ10 ባር፣ ማለትም 1 ሜጋፓስካል፣ የሚፈቀደው ጫና 138 ሜጋፓስካል ሲሆን (1 × 168.3) ÷ (2 × 138) = 0.61 ሚሊሜትር ይወጣል። በዚህ ቁጥር እንዳይሸወዱ። ይህን ያህል የሳሳ ቧንቧ የራሱን ክብደትና የአፈሩን ጭነት አይችልም። ለ6 ኢንች 2.8 ሚሊሜትርን እንደ ወለል፣ 3.3ን እንደ ማስጠንቀቂያ ይያዙ፤ ለ4 ኢንች 2.3 እና 3.0 ይበቃል።

የቀረው ዕድሜ = (5.6 − 2.8) ÷ 0.20 = 14 ዓመት። ቀጣዩ ልኬት በግማሹ፣ ማለትም በ7 ዓመት ውስጥ ነው። ግማሽ የሚሆነው ፍጥነቱ ሳይታወቅ እጥፍ ቢሆን እንኳ ከመበሳቱ በፊት እንዲደርሱበት ነው።

የድሮ ልኬት የሌለው ቧንቧ ከሆነ የናሙና ብረት ይቅበሩ። ተመሳሳይ ብረት ቆርጠው በሚሊግራም መዝነው በቧንቧው ጥልቀት ለ6 ወር ይተዉት። ሲያወጡ በዚህ ያጥቡት፦ 3.5 ግራም ሄክሳሚን፣ 500 ሚሊሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ውኃ ተጨምሮ 1 ሊትር፤ ለ10 ደቂቃ። አሲዱን ውኃው ላይ ያፍስሱ፣ ውኃውን አሲዱ ላይ አይደለም። ያልተቀበረ ንጹሕ ናሙናም አብረው ያጥቡና እሱ ያጣውን ይቀንሱ።

ፍጥነት = 87,600 × የጠፋው ግራም ÷ (ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር × ሰዓት × 7.86)

40 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ ናሙና በ4,380 ሰዓት 1.3 ግራም ካጣ በዓመት 0.083 ሚሊሜትር ነው። ይህ አማካይ ነው፤ ስርጉድ ከዚህ ብዙ ይፈጥናል።

7. ያላዩትን ስርጉድ ይተንብዩ

ቧንቧ የሚበሳው በአማካዩ ሳይሆን በጠለቀው አንድ ቦታ ነው፤ እሱን ደግሞ ምናልባት አልቆፈሩትም። በዕጣ ከተቆፈሩት 10 ጉድጓዶች የተገኙት ጥልቀቶች እነዚህ ይሁኑ፦ 0.4፣ 0.5፣ 0.7፣ 0.8፣ 0.9፣ 1.0፣ 1.2፣ 1.4፣ 1.7፣ 2.1 ሚሊሜትር።

ሀ. አማካይ፦ 1.07። ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ካልኩሌተሩ ያወጣዋል)፦ 0.54።
ለ. 0.54 × 0.78 (ቋሚ ቁጥር) = 0.42። ይህ ጥልቀቶቹ ምን ያህል እንደሚበታተኑ ያሳያል።
ሐ. 1.07 − 0.577 (ይህም ቋሚ ቁጥር ነው) × 0.42 = 0.83። ይህ መነሻው ነው።
መ. ክፍሉ 400 ሜትር ከሆነ 1 ሜትር የሆኑ 400 መስኮቶች አሉት። የ400 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 5.99 ነው።
ሠ. 0.83 + 0.42 × 5.99 = ወደ 3.3 ሚሊሜትር።

ያዩት 2.1 ነው፤ የሚጠበቀው 3.3። ይህ ልዩነት ነው ቁፋሮውን ዋጋ የሚያሰጠው።

ቧንቧው ከተቀበረ 16 ዓመት ከሆነው 3.3 ÷ 16 = በዓመት 0.21 ሚሊሜትር። ዝገት ያልነካው ግድግዳ 6.8 ከሆነ 80 በመቶው 5.4 ነው፤ ከዚያ በላይ የተበላ ቦታ ያለ ምንም ክርክር ይቀየራል። እስከዚያ (5.4 − 3.3) ÷ 0.21 = 10 ዓመት አለ። ለነዳጅ ግን እስከ ጫፍ መጠበቅ አይመከርም፤ በ60 በመቶ፣ ማለትም በ4.1 ሚሊሜትር ካቀዱ የቀረዎት 4 ዓመት እንኳ አይሞላም። በጀት የሚጠየቀው በዚህኛው ቁጥር ነው።

8. ውስጡን አይርሱ

ናፍጣ ራሱ ብረት አያዝግም፤ አብሮት የሚመጣው ውኃ ነው። ፍሰቱ ቀርፋፋ ሲሆን፣ በተለይ በሰከንድ ከ1 ሜትር ሲያንስ፣ ውኃው ወደ ታች ወርዶ መስመሩ በሚዘቀዝቅባቸው ቦታዎችና በተዘጉ ቅርንጫፎች ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የ6 ሰዓቱ አቅጣጫ ብቻ ከሳሳ ጠላቱ ከውስጥ ነው፤ ሽፋን መቀየር አይረዳውም። ከታንከሩ ሥር ውኃውን በየሳምንቱ ያውጡና መጠኑን ይጻፉ።

በኦጋዴን ስላሉት የካሉብና ሂላላ የጋዝ መስኮች እያነሱ ለጋዝ ቧንቧ እንዴት ይሰላል ለሚሉ ተማሪዎች፦ እዚያ የሚታየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ ግፊት ነው። ለምሳሌ 50 ባር ውስጥ 1 በመቶ ካለ 0.5 ባር ይሆናል። የፍጥነቱ ሎጋሪዝም (በ10) = 5.8 − 1710 ÷ ሙቀት በኬልቪን + 0.67 × የድርሻ ግፊቱ ሎጋሪዝም። በ0.5 ባር፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በዓመት ወደ 2.9 ሚሊሜትር፣ በ30 ዲግሪ 0.9 ሚሊሜትር ይወጣል። ይህ ነጻ ውኃ ባለበት፣ መከላከያ ኬሚካል በሌለበት የሚጠበቀው የከፋው ነው፤ ጋዙ ደርቆ ከተላከ ስሌቱ አይሠራም።

የተለመዱ ስህተቶች

የወረቀቱን ውፍረት እንደ መነሻ መውሰድ። ፋብሪካው እስከ 12.5 በመቶ እንዲያሳንስ ይፈቀድለታል፤ 7.11 የተባለው አዲስ ቧንቧ 6.22 ሊሆን ይችላል። ዛሬ 6.3 ካነበቡ ምናልባት ምንም አልተበላም። በዚያው ቧንቧ ላይ ያልዛገ ቦታ ፈልገው መነሻውን ከዚያ ይውሰዱ።

በየዓመቱ ለክቶ በየዓመቱ መደናገጥ። የመሣሪያውና የእጅዎ ስህተት ተደምሮ 0.1 ሚሊሜትር በቀላሉ ያልፋል። ዝገቱ በዓመት 0.1 ከሆነ የ1 ዓመት ልዩነት ምንም አይናገርም፤ 3 ዓመት ይጠብቁ።

ነጥቡን ማጣት። በቀለም ምልክት ካላደረጉና ከቋሚ ነገር ያለውን ርቀት ካልጻፉ በሚቀጥለው ጊዜ የሚለኩት ሌላ ቦታ ነው። አንዳንዱ ቧንቧ «ሲወፍር» የሚታየው በዚህ ነው።

ጋልቫናይዝድ ቁራጭን አለመለየት። ዚንክ ወደ -1100 ሚሊቮልት ስለሚያነብ አንዲት ተቀጥላ የገባች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ መስመሩ ሁሉ የተጠበቀ ታስመስላለች።

የዘመን አቆጣጠር። የተቋራጩ ሪፖርት በፈረንጅ፣ የእርስዎ ደብተር በኢትዮጵያ ከሆነ ስሌቱ ይበላሻል። ተቋራጩ «2017» ብሎ የጻፈው የእኛ 2009 ነው (ከመስከረም በኋላ ከሆነ 2010)፤ በእኛ 2017 ከተለካው ጋር ያው ዓመት መስሎዎት ካለፉት የ8 ዓመቱ ዝገት በወራት የተበላ ይመስልና ጤነኛ ቧንቧ ያስቆፍራል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው ይጻፉ፤ ከነጥቡ ቁጥር፣ ከሰዓት አቅጣጫው፣ ከ3ቱ ንባቦች፣ ከመሣሪያው ተከታታይ ቁጥርና ከለካው ሰው ስም ጋር።